ሐራራ በሁለት ቋንቋ

ቃል ባሕር ሲሻገር ምን ይዞ እንዳለፈና ምን ጥሎ እንደመጣ የሚፈትሽ ኬላ የለም። «ሐራራ»ን ውሰዱ። እኛ ዘንድ ጫት የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍበት የሚይዘው ማፋሸግና መነጫነጭ ነው። እዚህ አረብ አገር፣ ኤደን ግን ሐራራ ማለት ሙቀት ነው፤ የአየሩም፣ የበሽተኛውም፣ የሞተሩም። ከተማዋ ሁለቱንም ዓይነት በበቂ መጠን ስላላት አንዱ ከሌላው ቢምታታ አይፈረድም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ላፕቶፔ ነው። አሮጌ ስለሆነ ቀለል ይበለው ብዬ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፤ ዜና ስጽፍበት መኖሩም አይሰማ። ከአዘጋጄ ጋር የቪዲዮ ስብሰባ ስገባ ግን ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ ሚኒባስ ያጓራል፣ የፊደል ገበታው ጣት ይለበልባል፣ ከዚያ ድርግም። እዚሁ ተዋሂ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ፈታው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሆዱን ዳበሰና በሁለት ቃል ፈረደ፦ «ፊህ ሐራራ።» ሙቀት አለበት ማለቱ ነው። ይህን እንኳ ጣቴም ነግሮኝ ነበር።

ፍርዱን የጎረቤቴን ቤት በተመላላሽነት ለምትሠራው ለዘሀራ ነገርኳት። የወሎ ልጅ ናት፤ አረብኛውን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ዕድሉን አላሳለፈችውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ውሎ ሐራራ ባይዘው ነበር የሚገርመኝ።»

እኔ ምክንያት የሌለው ፍርድ አልቀበልም። ሊኑክስ ላይ የትኛው ፕሮግራም አንጎሉን እየበላው እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ስብሰባ ስገባ ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል። ስወጣ ይወርዳል። ከስብሰባው ሳልወጣ የራሴን ካሜራ ብቻ ስዘጋም ይወርዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና አለፍኳት። ማስረጃን ጽፎ አለማንበብ የሙያችን የቆየ በሽታ ነው።

አንድ ቀን ዘሀራ መጥታ ላፕቶፑን እንዳውሳት ለመነችኝ። ልታገባ ነው። ሙሽራው ዓሊ ከራስ ኢምራን ባሕር ዳርቻ ዓሣ እያመጣ የሚሸጥ ያገሯ ልጅ ነው። አሠሪዎቿ ከነገ ወዲያ ከተማ ይለቃሉ፤ የመኖሪያ ወረቀቷ በእነሱ ስም ስለሆነ ኒካሁ ካልታሰረ አብራቸው መሄዷ ነው። ኒካሁ እንዲታሰር ደግሞ ወሎ ያሉት አባቷ እዚህ ኒካሁን የሚያስሩትን ሼክ በአንደበታቸው መወከል አለባቸው። ሼኩ ዓይናቸው ደክሟል፤ በስልክ መስኮት አልሆን አላቸው። «ምስክሮች ፊቱን በደንብ ይዩት፤ እኔም ቃሉን ሙሉውን ልስማ» አሉ። አባትየው ኔትወርክ ፍለጋ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ወርደዋል። የምትመልሳቸው መኪና ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ አትቆምም፤ ወደዚያ አገር የምትወጣው ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው።

ማሽኑን ለባዕድ እጅ አልሰጥም ብዬ አብሬው በሳቲን ወደሚባለው ሰፈር፣ ዘሀራ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደምትኖርበት ክፍል ሄድኩ። ሼኩና ሁለቱ ምስክሮች ስክሪኑን ከበው ተቀመጡ። የአባትየው ነጭ ቆብ ብቅ አለ። ሰላምታው ረዘመ፤ ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ።

«ልጄን ዘሀራን እንዲድሩልኝ ሼኩን ወከ...»

ድርግም።

ሼኩ ጢማቸውን ዳበሱ። «‹ወከ› ቃል አይደለም።»

ዓሊ ሮጦ ወጣና የዓሣ ሣጥኑን ከነበረዶው አመጣ። በላስቲክ ሸፍነን ላፕቶፑን ላዩ ላይ አስቀመጥነው።

«ዓሣ አደረግከው እኮ!» አለች ዘሀራ፤ ድምፅዋ ግን አልሳቀም።

ደወልን። በረዶው ትንሽ ደቂቃ ገዛልን። «... ሼኩን ወከል...» ድርግም።

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ፊደል አተረፍን» አሉ ሼኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንደውል ከአባትየው ወገን የመኪና ጡሩምባ ይሰማ ነበር። ያኔ ነው ያቺ ያለፍኳት ማስረጃ ትዝ ያለችኝ፦ ካሜራው ሲዘጋ ይቀዘቅዛል። የካሜራውን ማስተካከያ ከፈትኩ። «ጀርባን አደብዝዝ» የሚለው በርቷል። ያ ምስኪን አንጎል በሰከንድ ስንት ጊዜ ሰውን ከግድግዳ እየለየ፣ ግድግዳውን እየሸፈነ፣ የሥዕል ቺፑ ሳያግዘው ለብቻው ሲማስን ኖሯል። ላጠፋው እጄን ስሰድ ዘሀራ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ለአባየ የምኖረው ፎቅ ቤት ነው ብየዋለሁ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ሦስት ፍራሽ። ማጽናናት አልችልበትም፤ ያለውን ነገርኳት። «ወይ ግድግዳው ይደበቃል፣ ወይ ቃሉ ይሰማል።»

ዓሊን አየችው። ዓሊ በረዶውን ያያል። ጡሩምባው ደገመ። ራሷ ተጫነችው።

ግድግዳው ወጣ። ማራገቢያው ቀስ በቀስ ዝም አለ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ፍራሾቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ዘሀራ።»

«አቤት አባየ።»

«በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል።»

«እስቲ አሳይኝ።»

ተነሥታ መቀርቀሪያውን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች። የብረቱ ድምፅ ወሎ ድረስ ተሰማ።

«እንግዲያው ሼኩን ወከልኩ» አሉ፤ ከነ«ኩ»ው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሮጡ። የፎቁን ነገር አላነሱም።

አሁን ማደብዘዣውን ማን አበራው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዘሀራ አይደለችም። እሷ ስትደርስ የተዘጋጀ መደበቂያ ነው ያገኘችው። ላፕቶፑ የኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከጀርባዬ የሚከመረውን ጫት አዘጋጄ እንዳያይብኝ ካበራሁት ሰንብቻለሁ። ጠጋኙ በአረብኛ ልክ ነበር፤ ዘሀራም በአማርኛ።

ከዚያ ወዲህ አጥፍቼዋለሁ፤ ማሽኑም ቀዝቅዟል። ጫቱን ከካሜራው ፊት ለፊት አንስቼ ከላፕቶፑ ኋላ አድርጌዋለሁ።