መምህር ኪሩቤል ከአራት ሦስተኛ የወጡበት ቅዳሜ

በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ መምህር ኪሩቤል በወርቅ ቁፋሮ ጨዋታ መሸነፍ በጀመሩ በሃያኛው ሳምንት፣ በሐረር ከተማ የሆነው ነገር ይህ ነው። ጸሐፊው ያየውን አይቶ፣ ያላየውን ከዐዋቂ ጠይቆ ጻፈ። ከራሱ የጨመረው የለም፤ ቢጨምርም ለክብር ነው።

እኒህ መምህር ኪሩቤል ትውልዳቸው ደብረ ብርሃን፣ ምደባቸው ሐረር፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ አንድ፣ ሥራቸው ዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ ማስተማር ሲሆን፣ ክፍልፋይን የሚያቃልሉ፣ ቅንፍን የሚፈቱ፣ ኤክስን ከተሸሸገበት ጎትተው የሚያወጡ፣ ጠመኔ በእጃቸው እንደ ጦር የሚሆንላቸው ታላቅ ሰው ነበሩ። ዕድል ግን አልነበራቸውም። ባጃጅ ሲሳፈሩ ጎማው ይፈነዳል፤ በባንክ ወረፋ ሲደርሳቸው ኔትወርክ ይጠፋል፤ ዳቦ ቤት ሲገቡ የመጨረሻውን ዳቦ የገዛው ሰው እየወጣ በሩ ላይ ይገጥማቸዋል።

ወእምዝ በዚያው ዓመት መስከረም አሥር ቀን፣ በፈላና በር መድኃኒት ቤት ያላት፣ የመምህሩም አከራይ የሆነች ዋፊቃ፣ ወንድሟ ከውጭ አገር በሰው እጅ የላከላትን የጨዋታ ሣጥን ከፈተች። በውስጡ የተራራ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ፣ ብዙ ትንንሽ ጠጠሮች፣ ከጉንዳን በደቀቀ ፊደል የተጻፈ የሕግ ወረቀትም ተገኘ። ወረቀቱን ያነበበ ሰው የለም። ዋፊቃ ራሷ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ይህ ነው። ተጫዋች ተራው ሲደርስ እጁን ከረጢት ውስጥ ከቶ ጠጠር ያወጣል። ቢጫው ወርቅ ነው፤ ግራጫው ድንጋይ ነው፣ አይጠቅምም አይጎዳም። ቀዩ ናዳ ነው፣ በዚያ ተራ የተለቀመውን ወርቅ ሁሉ ይቀብራል። «በቃኝ» ያለ ወርቁን ወደ ጎተራው ያስገባል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥቁር ጠጠር አለ፤ ስሙ ታላቁ ናዳ ነው፤ እርሱ የወጣበት ሰው ጎተራው ሳይቀር ባዶ ይሆናል። ይህ ጥቁር ጠጠር በአሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ በመምህር ኪሩቤል እጅ።

ሕጉን ባወጣች ዕለት ዋፊቃ መደቡ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ስሙ! ያልሰማም የሰማውን ይጠይቅ! በዚህ ቤት ወርቅ ቆፍሮ መጨረሻ የወጣ፣ ይህን ሄልሜት ደፍቶ፣ በእግሩ ሸዋ በር ሄዶ፣ ለሌሎቻችን ሳምቡሳ ይገዛል። የቀረ ሰው እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። ይቅርታ ከእኔ አትጠብቁ፤ ምሕረት የአላህ ነው!»

ያ ሄልሜት፣ ማለት ቢጫው የራስ ቁር፣ የዋፊቃን ጣራ የጠገነ ግንበኛ ረስቶት የሄደ ነበር። ግንበኛው ራሰ ትልቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም መምህሩ ሲደፉት እስከ አፍንጫቸው ይወርድና ከራሳቸው ጫማ በቀር ምንም አያሳያቸውም ነበር። እንዲህ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሸዋ በር ወረዱ። የዘጠነኛ ለ ተማሪዎችም ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳምቡሳ ሻጯ ፊት እየተሰበሰቡ «ኢንጂነር! ኢንጂነር!» እያሉ ይቀበሏቸው ጀመር። ሰኞ ክፍል ሲገቡ ይህ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

የተጫዋቾቹ ስም ይህ ነው። አንደኛዋ ዋፊቃ፣ ባለ ሣጥን፣ ሕግ አውጪ። ሁለተኛው አደም ዘሶፊ፣ የጫት ማሳ ጌታ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ስልክ እያወራ ያለ ሐሳብ እጁን ከትቶ ወርቅ የሚዝቅ፣ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱን ያሸነፈ ሰው። ሦስተኛዋ ልደት፣ የሆስፒታል ነርስ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ የመምህሩ ልብ ያረፈባት፣ የእርሷም ልብ ምክንያቱ ባልታወቀ ነገር በመምህሩ ላይ ያረፈ። አራተኛው መምህር ኪሩቤል ናቸው፤ አራተኛነታቸውም በሁሉ ነገር ነበር።

እምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ልደት ወደ መምህሩ መጥታ እንዲህ የሚል ቃል ነገረቻቸው፦ «እማዬ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ሸዋ በር ትደርሳለች። አንተን ልታይ ነው የምትመጣው።» መምህሩም ይህን ሰምተው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ግን ቅዳሜ መሆኑን አስታወሱ። አማታቸው የሚሆኑት ወይዘሮ ሥርጉት ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ዐይን የሚጋርድ ቢጫ ቁር ደፍተው፣ ሳምቡሳ ታቅፈው፣ በልጆች ጩኸት ተከበው ሊታዩ ነው! ወደ ዋፊቃ ሄደው ሕጉ ለአንድ ቅዳሜ እንዲታገድ ለመኑ። መልሷም አጭር ነበረ፦ «ቲቸር፣ ሕግ ነው። አትሸነፋ!»

ስለዚህ ዓርብን ሙሉ በካሬ ደብተራቸው ላይ ሲያሰሉ ዋሉ። ስንት ቢጫ፣ ስንት ግራጫ፣ ስንት ቀይ እንዳለ ቆጠሩ፤ በየተራው ምን ያህል መድፈር፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ በሠንጠረዥ ጻፉ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከዚያ በፊት በሐረር አልታየም።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ጦርነቱ ተጀመረ። መምህሩ ሠንጠረዡ «ዘጠኝ ውስጥ አንድ ናዳ ብቻ አለ፣ አትፍራ» ሲላቸው እጃቸውን ከተቱ፤ የወጣው ያ አንዱ ነበር። በሁለተኛው ተራ «አሥራ ሁለት ውስጥ አንድ» አላቸው፤ እርሱም ወጣ። አደም ግን ጆሮው ላይ ስልክ እንደ ለጠፈ፣ ስለ ጫት መኪናው ከሾፌሩ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ በግራ እጁ ወርቅ በወርቅ ላይ ይከምር ነበር። ስልኩንም ሲዘጋ ለሁሉ እንዲሰማ ተናገረ፦ «አቦ! እኔ ወላሂ ድንጋይ መልኩን አላውቀውም!»

ዘጠኙ ተራ አልቆ አሥረኛውና የመጨረሻው ሲደርስ፣ አደም አርባ፣ ዋፊቃ ሃያ አንድ፣ ልደት ዘጠኝ፣ መምህር ኪሩቤል ስድስት ወርቅ ነበራቸው። ሰዓቱም ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ዋፊቃና ልደት «በቃኝ» ብለው ተራቸውን አሳለፉ። መምህሩ እጃቸውን ከተቱ፤ ድንጋይ ወጣ። ደግመው ከተቱ፤ ድንጋይ ወጣ። ደብተሩን አዩ። በከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ጠጠሮች ናቸው፦ አንድ ድንጋይ፣ አንድ አምስት ወርቅ የሚቆጠርለት ትልቅ ቢጫ፣ አንድም ታላቁ ናዳ። ቢጫው ቢወጣ ልደትን ያልፏታል። ጥቁሩ ቢወጣም የሚጎድልባቸው የለም፤ አሁንም መጨረሻ ናቸውና። ሒሳቡ ያለ ጥርጥር «አውጣ!» አላቸው።

እጃቸውን ከተቱ። ጣታቸው አንድ ጠጠር ነካ፤ ያዙትም። በዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኙ ቅዳሜ ሁሉ በልባቸው አለፈ፣ ኤክስን የማይፈሩት ሰው ያን ጠጠር ፈሩ፤ ለቀቁትም። ባዶ እጃቸውን አውጥተው «በቃኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዋፊቃ እንባዋን እየጠረገች ጠየቀች፦ «ቲቸር፣ ከመጨረሻ በታች ምን አለና ነው የፈራኸው?» መምህሩን ዕድሜ ልክ ያመኑትን ሒሳብ ክደው መሸነፋቸው ከሽንፈቱ ይልቅ አሳፈራቸው፤ አንገታቸውንም ለቁሩ አዘጋጁ።

የአደም ተራ ብቻ ቀረ። አርባ ወርቅ ያለው ሰው «በቃኝ» ቢል ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን ድል የለመደ ሰው ማቆም አይሆንለትምና፣ «ሦስት ጠጠር ትቼ ልነሣ? አቦ፣ ተዉኝ!» ብሎ እጁን ሰደደ፤ አወጣም። ጥቁር ነበር።

ከዚያም ዋፊቃ ተነሥታ ዐወጀች፦ «ዋፊቃ ሃያ አንድ! ልደት ዘጠኝ! ቲቸር ስድስት! አደም ባዶ! ሱብሓነላህ!» መምህር ኪሩቤል መጀመሪያ አላመኑም፤ ስድስት ከዜሮ እንደሚበልጥ በጣታቸው ቆጥረው አረጋገጡ፤ ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ ዘለሉ፤ ጣራውም መታቸው፤ አልተሰማቸውም። ልደት ብቻ አልሳቀችም። ስልኳን አንዴ አየች፣ አደም ራስ ላይ የተደፋውን ቁር አንዴ አየች።

ወእምዝ ጉዞ ወደ ሸዋ በር ሆነ። በፊት አደም ዘሶፊ ቁሩ እስከ አፍንጫው ወርዶ ግድግዳ እየዳሰሰ፤ ከኋላው ዋፊቃ ጃንጥላ ይዛ፤ ከእርሷ ቀጥሎ መምህር ኪሩቤል ራሳቸውን ገልጠው፣ ነፋስ ጠጉራቸውን እየነካው፣ እንደዚያ ቀን ሐረር ቆንጆ ሆና አይተዋት እንደማያውቁ እያሰቡ፤ ልደትም ጥፍሯን እየበላች። ሁለት ልብስ ሰፊዎች ሥራቸውን ትተው፣ አንዲት ፍየልም የማንም ሳትሆን ተከተሉ። በሸዋ በር የተሰበሰቡት የዘጠነኛ ለ ተማሪዎች ቁሩን በሌላ ሰው ራስ ላይ ባዩ ጊዜ ኀዘናቸው ከባድ ነበር።

አደም ሳምቡሳውን ገዝቶ ሲመለስ የድሬዳዋው ሚኒባስ ደረሰ። ወይዘሮ ሥርጉት አንድ ቅርጫት ጊሽጣ ይዘው ወረዱ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ቢጫውን ቁር አዩ፤ ቅርጫቱን ጥለው ሮጠው አደምን አቀፉት። «የኔ ልጅ! ኢንጂነርዬ!» ብለው አገላብጠው ሳሙት። «ከሲታ ነው ብላኝ ነበር፤ ይኸው አንበሳ!»

የነገሩ ምክንያት ይህ ነበር። በኅዳር ወር ልደት መምህሩን በቁሩ ውስጥ ሳሉ ፎቶ አንሥታ ለእናቷ ላከች፤ በፎቶውም ከቁሩ በታች አገጭ ብቻ ይታይ ነበር። እናት «የማዕድን ኢንጂነር ነው እንዴ?» ብለው ጻፉ። ልደት በሥራ ላይ ስለ ነበረች፣ ለማብራራትም ረጅም ስለሆነባት፣ የአውራ ጣት ምልክት ላከች። እናትም ለሰፈሩ ሁሉ አበሰሩ። ልደት ነገሩን ዕለቱን ረጋ ብላ ልታስረዳ አስባ ነበር፤ መምህሩ ከቁሩ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም።

አደም በእቅፉ ውስጥ ታፍኖ ጮኸ፦ «እማማ፣ ወላሂ ተሳስተዋል! እኔ ባለ ትዳር ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ!»

ይህ ቃል እሳት ሆነ። ወይዘሮ ሥርጉት ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ወደ ልደትም ዞረው «ባለ ትዳር! ባለ ሁለት ልጅ! ወይኔ፣ ምን ጉድ አመጣሽብኝ!» አሉ። ሚኒባሱም ሊመለስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበርና እግራቸውን ወደ እርሱ አነሡ። ልደት እጇን ዘርግታ ቀረች።

በዚያን ጊዜ መምህር ኪሩቤል አደረጉት። ሃያ ሳምንት ሊያመልጡት የጣሩትን፣ በዚያች ዕለት ብቻ ያመለጡትን ቁር ከአደም ራስ ላይ ነጥቀው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በዘጠነኛ ለ ሁሉ ፊት፣ በገዛ እጃቸው ደፉት። እስከ አፍንጫቸውም ወረደ። ካሉበት ሆነው፣ ወዴት ዞረው እንደ ቆሙ ሳያውቁ፣ ለአንድ የቲማቲም ሻጭ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«እማማ! ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ! ኢንጂነር አይደለሁም፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ይህ ቆብ የተሸናፊ ቆብ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ በጨዋታ ተሸንፌ ደፍቼዋለሁ፤ ዛሬ ሃያኛው ጨዋታ ነበር። ልጅዎን እወዳታለሁ!»

ወይዘሮ ሥርጉት ከሚኒባሱ ደጃፍ ተመልሰው መጡ፤ የመምህሩን ትከሻ ይዘው ከቲማቲም ሻጩ ወደ ራሳቸው አዞሯቸው፤ ቁሩን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ዐይናቸውን አዩ፤ መልሰው ዝቅ አድርገው አገጫቸውን አዩ።

«አገጩ እሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁ፦ «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፈህ በሃያኛው ተመልሰህ ሄድህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ሥርጉት ወደ ልጃቸው ዞረው ለሸዋ በር ሕዝብ ሁሉ እንዲሰማ ፈረዱ፦ «እንግዲያው ልጄን የሚችላት ይህ ነው።»

ልደት ሳቀች፤ አለቀሰችም፤ ሳምቡሳውን ግን የዚያን ዕለት የበላችው ፍየሏ ናት።

እንግዲህ ስለ መምህር ኪሩቤል ምን እንበል? ከአራት ሦስተኛ የወጡ፣ በስድስት ወርቅ አርባን የረቱ፣ ሒሳብ «አውጣ» ሲላቸው እጃቸውን የሰበሰቡ፣ ፍቅር «ድፋ» ሲላቸው ራሳቸውን የሰጡ ኃያል ናቸው። የዘጠነኛ ለ ሳቅ እሑድን ሙሉ በሰፈሩ ተሰማ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት መምህሩ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጠመኔያቸውን ይዘው፣ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ሰሌዳውንም አጥፍተው የዕለቱን ርእስ ጻፉ፤ አርባ ስምንቱም ተማሪዎች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ ጦር ሜዳ የገባ ጀግና በየታሪኩ ሞልቷል፤ በዚያች ሰኞ ወደ ዘጠነኛ ለ የገቡት ግን አንድ እርሳቸው ናቸው።