ስምንተኛው ምዕራፍ በይደር

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠቅስም። ደብረ ብርሃን መሆኑንና ብርዱን በስብሰባ እንደሚከላከል መናገር ይበቃል። ይህ መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመት ትውልድ የሚያስታውሰው ሥራ ሠርቷል፤ እኔም የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ሁሉንም በዓይኔ ለማየት ታድያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው «የጉሙ በር» ከተባለው ልብ ወለድ ነው። መምህርት ለተጊዮርጊስ አንኮበር አጠገብ ባለችው ጎረቤላ አማርኛ እያስተማረች፣ ስድስት ዓመት ፈጅታ የጻፈችው ነው። አንድ ጠንቋይ ፀሐይን ሰርቆ አንኮበርን በጉም ይሸፍናል፤ ፋሲካ የምትባል ልጅ ፈረስ በሚያህል ጭላዳ ዝንጀሮ ተቀምጣ ፀሐይዋን ልታስመልስ ገደሉን ትወርዳለች። የባጃጅ ሾፌሮች ተሳፋሪ እየጠበቁ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት እየተቀባበሉ ስላነበቡት፣ መሥሪያ ቤታችን በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ሊያሠራለት ወሰነ። ደራሲዋም በደስታ ፈረመች። ከውሉ ግርጌ ግን አንዲት ትንሽ አንቀጽ ነበረች፦ «መጽሐፉ ዳግም ሲታተም ከጌሙ ጋር እንዲጣጣም ይስተካከላል።»

ኮሚቴው አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት፤ መጽሐፉም አሥራ ሁለት ምዕራፍ። ይህን ያስተዋለው የቄስ ልጅ የሆነው ባልደረባችን ዘርአ ዳዊት ነው።

«ለተዝካር ዳዊት ሲደገም ካህናቱ ይካፈሉታል» አለ። «አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይይዝና መቶ ኀምሳው መዝሙር ባንዴ ያልቃል። እኛስ ሦስት መቶ ገጽ እያንዳንዳችን ለምን እንለፋለን?»

ኃላፊያችን አቶ ብርሃነ መስቀል ሐሳቡን «ጊዜ ቆጣቢና ውጤት ተኮር» ብለው አጸደቁት። መጽሐፉ በማስመሪያ እየተቀደደ ታደለ። እሳቸው የምስጋናውን ገጽ ወሰዱ፤ አጭር ስለሆነ ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ለእኔ ማውጫው ደረሰኝ።

በሳምንቱ ወደ ስብሰባው የመጣ ሁሉ ድርሻውን አንብቦ ነበር፤ እንዲህ ያለ ትጋት በመሥሪያ ቤታችን ታይቶ አያውቅም። ለባልደረባችን ለሥርጉት የደረሳት አራተኛው ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ምዕራፍ ጭላዳው ታሞ ይተኛል። ስለዚህ ጭላዳው በጌሙ ውስጥም ሲተኛ እንዲውል ተወሰነ። ሰባተኛው ምዕራፍ የደረሰው የዘርአ ዳዊት ተራ መጣ።

«መጨረሻ ላይ ልጅቷ ገደል ትገባለች» አለ።

«ከዚያስ?» አሉ ኃላፊው።

«የእኔ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ስምንት ማን ጋ ነው?»

«ደመቀች ጋ። የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፤ መሳቢያዋን ቆልፋ ነው የሄደችው።»

ዘጠኝ የደረሰው ዮናስ እጁን አወጣ። «እኔ ጋ ግን ፋሲካ የምትባል ክንፍ ያላት ልጅ አለች።»

«ሞክሼዋ ትሆናለች» አሉ ኃላፊው። «ስምንተኛው ምዕራፍ በይደር ይያዝ።»

እጄ ላይ ያለው ማውጫ «ምዕራፍ ስምንት፦ ፋሲካ ክንፍ አወጣች» ይላል። ቃለ ጉባኤ ያዥ ግን ድምፅ የለውምና «በይደር» ብዬ ጻፍኩ። ጌሙን የሚሠራው ኪሩቤል «እኔ መጽሐፉን ሙሉውን አንብቤዋለሁ፤ ልጅቷ እኮ አትሞትም» ብሎ ነበር። «የኮሚቴ አባል ነህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ አልነበረም።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ። መጫወቻው ሲከፈት አስቀድሞ የኃላፊው የአሥራ አንድ ደቂቃ መልእክት ይመጣል፤ ማለፊያ የለውም። ከዚያ ጭላዳው ያንኮራፋል። ቁልፉን በተጫኑት ቁጥር ጮክ ብሎ ያንኮራፋል። ፋሲካም በእግሯ ሄዳ ገደሉ አፋፍ ትደርስና ትወድቃለች፤ ስክሪኑ ላይ «ጉዳዩ በይደር ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ከዚያ የኃላፊው መልእክት እንደገና ይጀምራል።

መምህርት ለተጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፋሲካን ማነው የገደለብኝ?»

«ኧረ አልሞተችም፤ በይደር ናት» አለ ዘርአ ዳዊት፤ የዳዊቱንም አሠራር በኩራት አስረዳት።

«ካህናቱ ዳዊት ሲካፈሉ የሚሰማቸው እግዚአብሔር ነው» አለችው። «እሱ መጽሐፉን ያውቀዋል።»

ብርድ ልብስ ተሸለመች። በማግስቱ ደግሞ በውሉ መሠረት ሁለተኛው እትም ያለ ስምንተኛው ምዕራፍ እንደሚወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከላት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬአለሁ። ውሳኔውን የሚያነሣው የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። የመሻሪያ ደብዳቤ ራሷ አርቅቃ ከጎረቤላ አራት ጊዜ ተመላለሰች፤ አራት ጊዜም ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። አምስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

በዚህ መካከል የማይታሰብ ነገር ሆነ፤ ኃላፊያችን ጌሙን መጫወት ጀመሩ። የራሳቸውን መልእክት ሠላሳ ጊዜ ያህል ሰምተው፣ ፋሲካ ሠላሳ ጊዜ ወደቀችባቸው። ደመቀች ከፈቃድ ስትመለስ መሳቢያውን አስከፈቱ፤ ምዕራፉን ለካ ለመንገድ ቆሎ መጠቅለያ አድርጋው ኖሯል። ገበያ ላይ እንዳይፈልጉት ደግሞ የመጀመሪያው እትም አልቋል፤ ኪሩቤልን እንዳይጠይቁትም የኮሚቴ አባል አይደለም። አንድ ቅዳሜ በመኪናቸው ከነሾፌራቸው ይዘውኝ ጎረቤላ ወረዱ። መምህርቷን ደጇ ላይ ቆማ አገኘናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቷ ከወደቀች በኋላ ምን ሆነች?»

መምህርት ለተጊዮርጊስ መለሰችላቸው።

«ጉዳዩ በይደር ተይዟል፣ ጌታዬ።»

«እባክሽ! እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

መሻሪያ ደብዳቤውን አውጥታ ዘረጋችላቸው። ማኅተሙ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ እሳቸው በሌሉበት ሥራ እንዳይሠራ ሁልጊዜ ይዘውት ይዞራሉ። ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ ፈርመው ማኅተሙን ረገጡበት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ፈጣን ውሳኔ አላየሁም። እሷም ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና የራሷን መጽሐፍ ሰጠቻቸው።

እዚያው ቆመው ስምንተኛውን ምዕራፍ አነበቡ። ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ክንፍ አወጣች!» አሉኝ። «ያቺ የዮናስ ባለ ክንፍ ልጅ እሷው ናት!»

መኪናው ውስጥ ገባን። ልቤ ተነካ፤ ሰው ይለወጣል ለካ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አቶ ብርሃነ መስቀል መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አደላድለው ዘጠነኛውን ምዕራፍ ቀደዱና ለሾፌሩ አቀበሉት፤ አሥረኛውን ለእኔ።

«ደብረ ብርሃን ሳንደርስ» አሉ፣ «ተካፍለን እንጨርሰው።»