ጋሽ ሸምሱ ሲያቀብሉ

በእንግሊዝኛ ድግስ የደገሰ ሰው «ወረወረ» ነው የሚባለው አሉ፤ ዓይኑን ጣል ሲያደርግም «ወረወረ»፣ ሲነጫነጭም «ወረወረ»። ይህን የሰማሁ ዕለት ቋንቋው መርካቶ የተወለደ መሰለኝ። ጎጃም በረንዳ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉትን ጋሽ ሸምሱን ታውቋቸዋላችሁ? ዕቃ በእጅ አቀብለው አያውቁም። ብርድ ልብሱን ከቆጡ ላይ «ያዝ» ብለው ይለቁታል። ሞባይል ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን እንኳ «ላንተ ነው» ብለው፣ ደዋዩ መስመር ላይ እያለ ይወረውሩልን ነበር።

ታዲያ ልጃቸው ወልዳ ልንጠይቃት ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሕፃኑን ታቅፈው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አራሷ ከወዲያ ጥግ፣ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ ርቦት ነው መሰለኝ፤ እስቲ ስጠኝ» አለች።

እንግዳው ሁሉ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። አንዲት ጎረቤት እንዲያውም ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጠረች።

ጋሽ ሸምሱ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተራመዱ ሄደው፣ ሕፃኑን እናቱ እቅፍ ውስጥ አኖሩት።

አፍረን ልንቀመጥ ስንል፣ «አንተ፣ መኪናዬን ከበሩ ፈቀቅ አድርግልኝ» አሉኝ። ቀና ስል ቁልፉ አየር ላይ ነው። ደግነቱ እጄን ገና አልሰበሰብኩም ነበር።