ዝምታ የሠለጠኑት ሐኪም

ዝም ለማለት ሥልጠና የሚያስፈልገው ፍጡር በምድር ላይ ካለ፣ በአንዲት ጤና ጣቢያ ያረጀ ሐኪም ነው። ጠቢባን ዝምታን ለመማር ዕድሜ አይበቃም ይላሉ። የኛን ሐኪም ግን መንግሥት በሦስት ቀን አሠለጠናቸው፤ ከነምሳው።

እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥያቄው ሳይመጣ መልሱ ምላሱ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። የኛው ክቡር ዶክተር ሱባጂዮ ናቸው። ገና ከበር ስትገቡ አረማመዳችሁን አይተው፣ "ሪህ ነው፤ ትናንት የፍየል ሥጋ ነበረ" ይላሉ። የሚያናድደው መናገራቸው ሳይሆን ልክ መሆናቸው ነው።

ችግሩ የመጣው ጀማሪ ሐኪሞች ሲላኩላቸው ነው። ጀማሪው ዓመቱን ሙሉ በእርሳቸው ሥር ሆኖ በሽተኛ እያከመ እንዲማር ታስቦ ነበር። ያለፈው ዓመት ልጅ ግን የተማረው ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። እርሱ "የት ጋ ነው የሚያምዎት?" ብሎ ሳይጨርስ፣ ክቡርነታቸው ከጀርባው ሆነው መድኃኒቱን አዘው በሽተኛውን ሸኝተዋል። ገምጋሚዎች መጥተው አንድም ሰው በራሱ አለማከሙን ሲረዱ ዓመቱን እንዲደግም ፈረዱበት። ዶክተር ሱባጂዮም ጀማሪ እንዴት እንደሚያዝ እንዲማሩ ወደ ዮግያካርታ ከተማ ተላኩ።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነዋል ተባለ። አዲሷን ጀማሪ፣ ዶክተር ቲዩርን፣ በሽተኛ ፊት አስቀምጠው እርሳቸው ጥግ ያዙ። አትመልስ፣ ጠይቅ፤ አደጋ ካልመጣ እጅህን አታስገባ ተብለው ነው የመጡት። ምላሳቸውን አሰሩት። የቀረው አካላቸው ግን አልሠለጠነም። ልጅቷ ስትስት ያስላሉ፤ አብዝታ ስትስት ወንበራቸው ይንቋቋል። የስኳር በሽታ ያለባት ጎረቤታችን ስለ ምግቧ ሳትጠየቅ ልትወጣ ስትል፣ ክቡርነታቸው ኮርኒሱን እያዩ በከንፈራቸው ብቻ "ሩዝ፣ ሩዝ" ማለታቸውን አገር ሁሉ ሰምቷል።

ቲዩር ደግሞ ከሌላ ደሴት፣ ሜዳን ከሚባል ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ እንደኛ እንደ ጃቫ ሰዎች ነገር መሸፋፈን አታውቅም።

"ዶክተር፣ ሳልዎን ልመርምረው ወይስ እየነገሩኝ ነው?"

"እየተሠቃየሁ ነው፣ ልጄ።"

"እኔም ዓመቴን ከደገምኩ እሠቃያለሁ። ይተዉልኝ።"

ከሰነበተ በኋላ አንድ ጠዋት የእኔው የራሴ ተራ ደረሰ። ነፋስ ገብቶብኝ፣ ከሆዴ በላይ እየከበደኝ ነው የሄድኩት። በኛ ዘንድ ነፋስ የማይገባበት ሰው የለም፤ ሲገባም ጀርባን ዘይት ቀብቶ በሳንቲም ጠርዝ መፋቅ ነው። ባለቤቴ ሱላስትሪ ፍቃ ፍቃ ጀርባዬን የሜዳ አህያ አስመስላዋለች። ምክንያትና ውጤትን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ነፋስ ግን ዲግሪ አይጠይቅም።

ቲዩር ጀርባዬን አየች፣ ሆዴን ተጫን ተጫን አደረገች፣ ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም ብላ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። ወደ ጥጉ ዞር አልኩ። እኔም አልቦኝ ነበር፤ የዶክተር ሱባጂዮ ላብ ግን የባሰ ነው። በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ጨብጠዋል። አልሳሉም። ወንበሩም ድምፅ አላሰማም።

"ዶክተር ቲዩር፣" አሉ በቀስታ፣ "ጨጓራ ባይሆንስ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

ብዕሯን አስቀመጠችና አሰበች። የሚያውቁትን ነገር ሌላው ራሱ እስኪደርስበት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ አውቃለሁ። የኔ ተማሪዎች ሲዘገዩ ግን የሚሞት ሰው አልነበረም።

"ፓክ ሃርጆኖ፣" አለችኝ፤ ፓክ እንደ ጋሼ ነው፤ "ሕመሙ ሌላ ቦታ ይሄዳል?"

ወደ ግራ ክንዴና ወደ መንጋጋዬ ይሄድ ነበር። ስላልተጠየቅኩ ነው ያልተናገርኩት፤ ሐኪም ያልጠየቀውን መዘብዘብ እኛ ጋ ነውር ነው። ነገርኳት። የልብ መመርመሪያውን አስመጣች፣ ወረቀቱን አነበበች፣ አስፕሪን እንዳኝክ ሰጠችኝ፣ አምቡላንስ ይምጣ አለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ወደ ጥጉ አልዞረችም።

አምቡላንሱ ውስጥ ከኔ አጠገብ የአንድ ሐኪም ቦታ ብቻ ነበር። ክቡርነታቸው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ነበር፤ አወረዱት።

"አንቺ ግቢ። በሽተኛሽ ነው።"

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። እጆቿ እኔ ላይ ስለነበሩ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ደረቴ አጠገብ አስቀመጠችው።

"የደም ግፊቱን..." አሉ ዶክተር ሱባጂዮ። ከዚያ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል። "ተይው፣ ልጄ። አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ።"

ስልኩን ግን አልዘጉትም። ያን ሁሉ ኮረብታ ስንወርድ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መስመሩ ላይ ነበሩ። ስለ ዝምታ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ የሚወደኝ ዝምታ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የሆስፒታሉ ሰዎች አልጋዬን እየሳቡ የሚያክመው ሐኪም ማን ነው ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አለች ቲዩር።

ስልኩ የተዘጋው ያኔ ነው።