ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ

ያን ቀን በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ፣ ከፊት ወንበር ላይ። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ከጎኔ። ሊቀመንበሩ አያ ጫኔ፣ ከጠረጴዛው ኋላ። ነርሷ ሲስተር ዘነቡ፣ በሩ አጠገብ። አሥራ አንድ ወር የሞላት ልጄ፣ ጀርባዬ ላይ። ከነዚህ ሌላ ወደ ስልሳ የሚጠጋ የሰፈር ሰው።

ሁሉም አይተውኛል። ሁሉም!

አርባ ዓመት ሙሉ ሳላነሳው የኖርኩትን ጉድ ዛሬ ፌስቡክ ላይ ላወጣው ነው። ለምን አትሉም? ፋርማሲ የምትሠራው ልጄ ጠዋት ቡና ስትጠጣ፣ «እማዬ፣ ሴቶቹ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ሲገዙ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ መጠየቅ ሁሉ ያፍራሉ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ማፈርን እኔን ጠይቁኝ!

ጊዜው ደርግ ነው። አራት ልጆች አሉኝ። የመጨረሻዋን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ዓይኔን እያየ፣ «ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ብትፀንሺ እነዚህን ልጆች ማን ያሳድግልሻል?» አለኝ።

እንድመልስለት አልነበረም የጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን በየቀኑ እውጣለሁ። ማስቀመጫዬ የሽሮ ጣሳ ውስጥ ነው። እማማ ጥሩነሽ እንዳያዩት! ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ወልጄላቸው፣ «ለወንዱ ወንድም ያስፈልገዋል» የሚሉ ሰው ናቸው። ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸውም አይሰሙኝም ብዬ።

ባሌ ሞላ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው። ሁለት ወር እቆያለሁ ብሎ ወጣ። እኔ ጠንቃቃዋ ታዲያ ምን አሰብኩ? ባል በሌለበት ኪኒን መዋጥ ማባከን ነው፣ ይቀመጥ!

አቆምኩት።

ስትስቁ ይሰማኛል። ሳቁ፣ ሳቁ።

ሞላ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ከች አለ። ማኪናው ተሰብሮ! እሑድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቀኖቹን በጣቴ ስቆጥር ላብ አጠመቀኝ። ሐኪሙ ያለኝ ጆሮዬ ላይ ይደውላል። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሰኞ ከምሳ በኋላ ልጄን አዝዬ በረርኩ።

ሲስተር ዘነቡ እኩያዬ ናት። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ የእጅ ሰዓቷን በቀኝ እጇ የምታስር። አልተቆጣችኝም።

«መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ማታ።»

«ሸጋ። ሦስት ቀን አልሞላም፤ ግን በቶሎ መምጣትሽ ነው ደጉ።»

ዛሬ ልጄ የምትሸጣት አንዲት ፍሬ ያኔ አልነበረችም። ሲስተር ከዚያው ከማውቀው ኪኒን ስምንት ፍሬ ቆርጣ ሰጠችኝ። «አራቱን አሁን እዚሁ ዋጪ። አራቱን ደግሞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ። እህል ቅመሺበት፣ ያቅለሸልሻል። በዋጥሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እኔ ጋ ተመለሽ።»

ሰዓቷን አየሁ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት። አራቱን ዋጥኩ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። «ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ» ቢሏችሁ ምን ትረዳላችሁ? እስቲ በኮሜንት ንገሩኝ!

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ጀምበር ስትጠልቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ። አልጠራጠርም! ከሦስተኛ ክፍል ባቋርጥም በመሠረተ ትምህርት ሰዓት ማንበብ ተምሬ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሴት ነኝ። ምስክር ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባ ተጠራ። ስለ ጽዳት ዘመቻ ነው። ቀረሁ ማለት በዚያ ዘመን የለም፣ ሄድኩ። ሊቀመንበሩን ድሮ አያ ጫኔ ነበር የምንላቸው። ሥልጣኑ ሲመጣ ጓድ በሏቸው ተባልን። ምላሳችን እምቢ ብሎ ጓድ አያ ጫኔ ሆነው ቀሩ።

ሰዓቱ ከጓድ አያ ጫኔ ራስ በላይ ተሰቅሏል። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። አሥራ ሁለት ሆነ። «በኋላ» ስለተባልኩ አምስት ደቂቃ ጨመርኩበት። ጠንቃቃ ነኝ አላልኳችሁም? በነጠላዬ ተከልዬ ከዘይነባ ጠርሙስ ውሃ ተጎንጭቼ አራቱን ዋጥኩ።

በሦስት ሰዓት ልዩነት ስምንት ፍሬ!

ግማሽ ሰዓት አልቆየሁም። ሆዴ ውስጥ ማኪና ተነሳ። አፌን ይዤ ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ ያለው ከጠረጴዛው ወዲያ ነው። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ አልቻልኩም።

የጓድ አያ ጫኔ አዲስ ጫማ ላይ!

ከዚያ ከፊት ወንበር ምን ቢሰማ ጥሩ ነው?

እልልልልል!

እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው! «አውቄው ነበር! ሞላዬ መጥቶ ነው! ወንድ ነው፣ ወንድ ነው የያዘችው!»

«ምነው እማማ!» አለች ዘይነባ። «ሞላ የመጣው ቅዳሜ ነው። በሁለት ቀን የሚያስመልስ ምን ዓይነት ጥድፊያ ያለበት ልጅ ነው?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲስተር ዘነቡ ሮጣ መጥታ ደገፈችኝ። በጆሮዬ፣ «ሁለተኛውን መቼ ዋጥሽው?» አለችኝ። በጆሮዬ ነው ያለችኝ እሷስ! እኔ ነኝ በድንጋጤ የጮህኩት።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነዋ፣ እንዳልሽኝ!»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ቆጥረሽ ነው እንጂ ያልኩሽ!»

«ቆጠርኩ እኮ! ግድግዳው ላይ!»

የእማማ እልልታ ተቆረጠ። «ምኑን ነው የዋጠችው?»

አሁን የሚስቅ የለም።

«ኪኒን ነው እማማ» አለች ሲስተር። «እንዳትፀንስ።»

«ልጅ የሚያስወርድ ነው?» አሉ እማማ።

ሲስተር ዘነቡ እጄን ሳትለቅ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «አያስወርድም። የሴት እንቁላል በየወሩ በጊዜው ይለቀቃል። ይህ ኪኒን መለቀቂያውን ያዘገየዋል። የወንዱ ዘር መጥቶ ቢጠብቅ የሚያገኘው የለም። አስቀድሞ ከተፀነሰ ግን ኪኒኑ ምንም አያደርግም፣ ጽንሱንም አይነካም።»

ጓድ አያ ጫኔ ጫማቸውን በጋዜጣ እየጠረጉ ቀና አሉ። «ቀጠሮው ይሰረዛል ማለት ነው?»

«አይሰረዝም አያ፣ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።»

«እንደኛ ስብሰባ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቁ ተመለሰ። ከዚያማ ጥያቄው ዘነበ! ሰው የጽዳት ዘመቻውን ረሳው። ሲስተር መለሰች፦ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል፣ እንዳያችሁት። ራስ ያማል፣ ያደክማል፣ ጡት ይወጠራል፣ ትንሽ ደም ጠብ ሊል ይችላል። ከቀን ወደ ቀን ይተዋል። የወር አበባ ቀድሞም ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ መመርመር ነው። ሁሌም አይሳካም። ለከርሞ አያገለግልም፣ ለዛሬ ማታ እንኳ አያገለግልም፤ ላለፈው ብቻ ነው። የዘወትሩን የሚተካ አይደለም።

ይህን ስትል እኔን አየችኝ። ሽሮው ጣሳ ውስጥ ስለተውኩት ኪኒን ነው።

እማማ ግን አልሳቁም፣ አልጠየቁም። ወደ እኔ መጡ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

ያኔ ነገርኳቸው። የሐኪሙን ቃል እንዳለ። ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም።

«ሦስት ቀን የተኛሽው ለዚህ ኖሯል?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ‹ደክሟት ነው› ብለውኝ።» ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አፌን ጠረጉልኝ። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞሩ። «ያስመለሰችው ይተካል?»

«ይተካል እማማ። አራቱን እንደገና እሰጣታለሁ። የመጀመሪያውን ዘጠኝ ሰዓት ከዋጠች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።»

«ለኔ ስጪኝ» አሉ እማማ። «እሷ ሰዓት አታውቅም።»

ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ! ፊደል ያልቆጠሩት እማማ እንዲህ አሉኝ!

ሌሊት የቀሰቀሱኝ እሳቸው ናቸው። ዳቦና ውሃ ይዘው። «ዋጪ» አሉኝ። እስኪነጋ እንዳያስመልሰኝ አጠገቤ ተቀመጡ። አላስመለሰኝም።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ስነሳ ልጆቼን እቆጥራለሁ፣ ስተኛ ልጆቼን እቆጥራለሁ።

የወር አበባዬ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀድሞ መጣ። መጀመሪያ የነገርኩት ለእማማ ነው።

እንደገና እልል አሉ። ቀስ ብለው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጄ የተወለደችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አስበን፣ ጤናዬ ተመልሶ። ዛሬ ጠዋት፣ «እማዬ፣ አሁን አንድ ፍሬ ነው፣ አንዴ ዋጥ፣ አለቀ» ስትለኝ፣ መቶ ጊዜ ደግማ እስክትነግረኝ አላመንኳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰዓት ሲነግረኝ፣ «የሚቆጠረው ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ያለው?» ሳልል አልቀርም። ይኸው ነው የምስክር ወረቀቴ ጥቅም!

ሲስተር ዘነቡ በዓመቱ ወደ መካነ ብርሃን ተዛወረች። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ወሬዋ ጠፋብኝ። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ሰዓቷን በቀኝ እጇ የምታስር ነርስ ናት።

ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።