ልክ አሥር ኪሎ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ማለት?» የሚል ሰው አይጠፋም። «ደህና አደርክ?» ብትሉት እንኳ ደህና የሚባለው ከምን ጀምሮ እንደሆነ ሳያስወስን አይመልስላችሁም። በእንጅባራዋ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሪት ስሜነሽ ነበሩ። ሥራቸው ሌሎች የሠሩትን ፕሮግራም መፈተሽ ነው፤ ፍዳውን የሚያየው ደግሞ ፕሮግራመሩ ደርበው።

በ2009 ዓ.ም. ደርበው ግምጃ ቤት ከተማ ለሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የልጅ የአዋቂውን መድኃኒት በክብደት የሚያሰላ ፕሮግራም ይሠራ ነበር።

«ለትንንሾቹ ትንሽ፣ ከፍ ላሉት ከፍ ያለ» ብሎ አስረዳት።

«ትንሽ ማለት?»

«በቃ… ትንሽ ነዋ!»

ስሜነሽ አልሳቀችም። እሱ ኮድ ሲጽፍ እሷ ከክሊኒኩ ነርስ ከሸጋ ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ወደ ሒሳብ ቋንቋ ለወጠችው፦ ማንኛውም ክብደት ቢገባ መልሱ አንድና አንድ ብቻ ይሁን፤ ከተወሰነለት ጣሪያም አይለፍ። ከዚያ ከየዓረፍተ ነገሩ መፈተኛ አወጣች።

«ለመድኃኒት ነው ለማትሪክ?» እያለ ቀለደባት ደርበው። እሱማ ፈትኖ ጨርሷል። ስምንት ኪሎ ሠራ፣ አሥራ አምስት ሠራ፣ አዋቂም ሠራ። ታዲያ ምን ቀረ?

ነርስ ሸጋ ፕሮግራሙን ልትረከብ በመጣችበት ጠዋት ስሜነሽ የአንድ ጎልማሳ ክብደት አስገባች፤ መልሱ ልክ ነው። ቀጥላ አሥር ኪሎ አስገባች። የጎልማሳው መጠን ከስክሪኑ ላይ ንቅንቅ አላለም።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለ ደርበው።

ደግማ አስገባች። ያው ነው።

«ከአሥር በታች ብለሃል፣ ከአሥር በላይ ብለሃል» አለችው ድምጿን ሳታነሳ። «ልክ አሥር ለሆነው ግን ምንም አላልክም። ስለዚህ ከፊቱ ለገባው ሰው ያሰላውን እንዳለ ይተወዋል።»

ሸጋ አፏን በእጇ ያዘች። «እመቤቴ ድረሽ! ትናንት ክሊኒክ የመዘንኳት የጎረቤቴ የምህረቴ ልጅ ልክ አሥር ኪሎ ናት!»

ለደርበው የጎልማሳ ሽሮፕ በዚያች ሕፃን ጉሮሮ ሲወርድ በዓይኑ ታየው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓባይነህ እየተቆጡ ገቡ። «ርክክቡ ሊዘገይ ነው አሉ! ይቺ ልጅ ሥራ አላሠራ ካለች ወደ ዳንግላው ቢሮ ትላካ!»

«እሷን ከላኩ እኔንም አብረው ይላኩኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ደርበው ማን እንደተናገረ ለማየት ዘወር ሊል ምንም አልቀረውም። የገዛ ድምፁ ነበር።

አቶ ዓባይነህ «በሉ ቶሎ ጨርሱት!» ብለው ወጡ። ደርበው ኮዱን ከፈተና ወንበር ስቦ ከጎኑ አስጠጋላት።

«ነይ ተቀመጪ፤ አብረን እናስተካክለው» አላት።