ሽማግሌ ያስቀመጠ ኮምፒውተር

ሰው ሲባል ጉደኛ ፍጥረት ነው። አገሩን ይቀይራል፣ ሥራውን ይቀይራል፣ ሲብስበት ስሙንም ይቀይራል። የለመድከውን የመኝታ ጎን ቀይር በሉት ግን ጦር ይመዛል። እኔ ራሴ ዘመድ አዝማድ «ምን ነክቶሃል?» እያለኝ ጓዜን ጠቅልዬ ከአዲስ አበባ ጁባ የገባሁ፣ የተኩስ ወሬ ሳይበርድ ሱቅ የከፈትኩ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ያልፈራሁት ሰውዬ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ዐሥርን።

አትሳቁ! እናንተም ቤት የማይነካ ነገር አይጠፋም።

ዐሥር ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ጁባ፣ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒውተር ታመመና ቾልን ጠራነው። ቾል ጋምቤላ ያደገ፣ አዲስ አበባ የተማረ፣ አሁን አገሩ ደቡብ ሱዳን ተመልሶ አማራት ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጃችን ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ነካክቶ ነካክቶ «ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫንበታል። ዊንዶውስ ሰባት ይሁን ዐሥር?» አለን።

«ሰባት!» አልኩ እኔ።

«ዐሥር!» አለች ባለቤቴ የሺ።

እኔ ሰባትን እንደ ሱቄ መደርደሪያ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የፈለግሁትን አወጣበታለሁ። ዐሥር ደግሞ ኢንተርኔት ይወዳል ይሉታል፤ እዚህ ኢንተርኔት እንደ ሽቶ በጠብታ ነው የሚገዛው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አይደል? የሺም የራሷ ምክንያት ነበራት። ቶንፒንግ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለዓመታት ወጥ ስትሠራ ኖራ፣ የሆቴል አስተዳደር ትምህርት በርቀት ስትከታተል ቆይታለች። የቀራት የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ የፈተናው ፕሮግራም ደግሞ ሰባት ላይ አይከፈትም። ካለፈች ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጓት ቃል ገብተውላታል። ካላለፈች ተመልሳ ወደ ሽንኩርቷ።

«ሆቴሉ ኮምፒውተር ላይ ተፈተኚያ» አልኳት።

«እዚያ ገና ስቀመጥ ወጥ አለቀ ብለው ያስነሱኛል። አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ቁጥር ብለህ ሕይወቴን ታበላሻለህ?»

ከዚያ በኋላ ዝም አለችኝ። ምሳ ይቀርባል፣ ቃል የለም። እራት ይቀርባል፣ ቃል የለም። የሺ ስትጮህ እችላታለሁ፤ ዝም ስትል ግን ያልቅልኛል።

መቼም ሁለት አበሻ ባለበት ጠብ አለ፣ ሦስት ባለበት ሽማግሌ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ሰብሳቢው የጁባ አበሻ ሁሉ ጠብ በእጃቸው ያለፈው ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ቾል ደግሞ በአዋቂነት ተጠርቶ ጎናቸው ተቀመጠ። ጋሽ መኩሪያ መርቀው ሲያበቁ ወደ የሺ ዞሩና፣

«ለመሆኑ ልጄ፣ ይሄ ሰባት የምትሉት ምን በደለሽ?» አሏት። ወደ እኔም ዞሩ፤ «አንተስ ዐሥር ምን አደረገህ?»

የሁለት ጎረቤት ጠብ ነበር የመሰላቸው። የሆነው ሆኖ የሁለታችንንም ሰምተው፣ ጢማቸውን ዳብሰው፣ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ «አብረው መኖር አይችሉም?»

«ይችላሉ ጋሽዬ» አለ ቾል። «ቦታውን ለሁለት እከፍልላቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት ካጣ ትንሽ ጠብቆ ከላይ የተጻፈውን ይከፍታል።»

«ከላይ የሚጻፈው ማነው?» ብዬ ዘለልኩ።

ተመካከሩ። ለየሺ ዐሥር ይጫንላት፤ እኔ አባወራ ነኝና ሰባት ከላይ ይሁን ተባለ። «ካላስ!» አለ ቾል፣ አለቀ ማለቱ ነው፤ «በእኛ ደንብ ቢሆን ኖሮ እኮ ላምም ትከፍል ነበር።» አሸነፍኩ! ደረቴን ነፍቼ ሽማግሌዎቹን ሸኘኋቸው። የሺ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

የፈተናው ቀን ጠዋት የሺ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጄኔሬተራችን ድርግም አለ፤ ኮምፒውተሩም አብሮት ጠፋ። ካህራባ ማፊ፣ መብራት የለም፣ ጁባ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማ ቃል ነው። የፈተናው ሰዓት ግን የእኛን ጄኔሬተር አይጠብቅም፤ እየቆጠረ ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚታዘዘው ለየሺ ብቻ ነው፤ እኔ ገመዱን ስስብ ያስላል እንጂ አይነሳም።

«ኮምፒውተሩን ያዝልኝ!» ብላ ወደ ጓሮ በረረች።

ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ። ኮምፒውተሩ በራ፤ ሁለቱ ስሞች ወጡ። ሰባት ከላይ፣ ዐሥር ከታች፣ ከጎናቸው ሰከንዱ እየቀነሰ ይወርዳል። እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ የእኔው ይከፈታል። ማንም አይወቅሰኝም፤ ሽማግሌ የፈረደው ነው! ግን ያቺ ሴት ስንት ማታ ሽንኩርት በሸተተ እጇ እዚሁ ወንበር ላይ ስታጠና አይቻታለሁ። በገዛ ጣቴ ወደ ታች ወረድኩና ዐሥርን ተጫንኩት።

የሺ እጇ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ስትገባ ፈተናዋ ካቆመችበት ጠበቃት። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ተቀመጠች። ይሄኛውን ዝምታ ወደድኩት።

ውጤቱ ሲመጣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወንድ እልል አይልም ያለው ማነው? ጋሽ መኩሪያም ለሰው ሁሉ «ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ» ይላሉ። የሺ ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ወጥ አለቀ ብላ ሰው የምታስነሳው እሷ ናት።

እኔም ብሆን አልተሸነፍኩም። ሰባት እስከ ዛሬ ከላይ እንደተጻፈ ነው፤ ማንም አልነካውም። እንግዲህ «ይህን ወግ በየትኛው ጻፍከው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር መቀስቀስ ነውር ነው።